የጠበል ጉም

«ብር ሸለቆ ላይ፣ ጉሙ ተኝቶ፤
እህም… እህም እህም… እህም…»

እዚህ ላይ ስትደርስ ቃሉ ያልቅባታል። ዓባይነሽ ይህን ዘፈን ጌሾ ስትለቅም ታንጎራጉረዋለች፤ ብቅል ስታሰጣ ታንጎራጉረዋለች፤ የገበያ ዕለት አመሻሹ ላይ ባዶ ጆንያዋን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ስታዘግምም ታንጎራጉረዋለች። ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ቃሉ ይቆምና ዜማው ብቻውን በአፍንጫዋ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሁለተኛውም እንዲሁ ነው።

«እናት ደጃፍ ላይ፣ ቆማ ስታይሽ፤
እህም… እህም…»

ስንኙ ቤት ሳይመታ ይቀራል፤ አንድ እግሩን ደፍ ላይ አሳርፎ ሌላውን ማንሳት እንዳቃተው እንግዳ።

የማያውቋት ሰዎች እርጅና ነው ይላሉ። እርጅና አይደለም። ያ ዘፈን ከመጀመሪያውም የሁለት ሰው ነበር። የፊተኛውን ስንኝ ዓባይነሽ ታወጣለች፣ የኋለኛውን ውቢት ትመልሳለች። ፍኖተ ሰላም ይሁን ጅጋ፣ ቡሬ ይሁን ከቡሬ ማዶ፣ ልጁን የሚድር ሰው «ሁለቱን ጥሩልኝ» ይላል እንጂ ስማቸውን አይጠራም። ሁለቱ ከተባለ እነሱ ናቸው። ውቢት ከቡሬ በታች ካለ የአዊ ተወላጆች መንደር ተድራ የመጣች፣ በአማርኛም በአገውኛም የምትቀልድ፣ ድምፅዋ እንደ ፈትል የቀጠነ ሴት ነበረች። እሷ ስትመልስ ዓባይነሽ አታዳምጣትም። ለራሷ ትንፋሽ ትሰበስባለች፣ ከበሮዋን ወደ ጉልበቷ ትስባለች፣ የሚቀጥለውን ታስባለች። ጓደኛዋ አጠገቧ ቆማ እያለች ምን ብላ የእሷን ቃል ትያዝ? ነገም አብረው ሊዘፍኑ፣ ከነገ ወዲያም ሊዘፍኑ።

ከዚያ ውቢት ታመመች። የሕመሟ ነገር ረጅም ነው፤ መጨረሻው ግን አጭር ነበር። ባሏ ቀድሟት አርፎ ስለነበር ልጇ እሌኒ ለዓባይነሽ ቀረች። ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት ውቢት የዓባይነሽን እጅ ይዛ፣ «ልጄን በሰው ዘፈን እንዳትሸኚብኝ» አለቻት። «በእኛ ሸኚልኝ። ያን ጊዜ ደህና ድምፅ ይስጥሽ።»

«እሺ» አለች ዓባይነሽ። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው! በዚያች ሰዓት ግማሹን እንደማታውቀው ትዝ እንኳ አላላትም። ከቀብር በተመለሰች በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ቀን ማጀት ገብታ ስታንጎራጉር ነው፣ ስንኙ መሃል ላይ ሲቋረጥ፣ ቀጥ ብላ የቆመችው።

እሌኒ አደገች። ቤይሩት ሄደች፣ ሠራች፣ ተመለሰች። አገሩ ሁሉ ስለ ሚሌኒየሙ ሲያወራ እሌኒ ታጨች፤ ሽንዲ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ለሚሠራው ለታደለ። ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ተቆረጠ። የሽማግሌዎቹ እግር ከግቢው ሳይወጣ ዓባይነሽ የምሰሶውን ሚስማር ቀና ብላ አየች። ከበሮው እዚያ ተሰቅሏል።

ያ ዓመት ደግሞ በጋው ክፉ ነበር። የፍኖተ ሰላም ታኅሣሥ ቀኑ ፀሐይ፣ ማለዳው ቁር ነው። ነፋሱ ከብር ሸለቆ ተነሥቶ የአስፋልቱን ዳር አቧራ እያነሣ ይመጣና በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። በሩ ይኮማተራል፤ ሲከፍቱት ይጮኻል። ከንፈር ይሰነጠቃል። የተሰቀለው ከበሮ ማንም ሳይነካው ጭው ይላል። ማታ ማታ ለሙቀት ተብሎ የሚገባው ከሰል ደግሞ የቀረችውን እርጥበት ይጠጣታል። የዓባይነሽ ጉሮሮ በየዓመቱ በዚህ ወራት ይሻክር ነበር፤ ለጥምቀት ደግሞ ይመለሳል። ዘንድሮ ግን ገና ኅዳር ሳይወጣ ድምፅዋ ጥርግ ብሎ ሄደ። ጌሾ ገዢ ሲመጣ ዋጋውን በጣቷ ነው የምታሳየው።

ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ጉሮሮዋን በባትሪ አይታ፣ «ደርቆ ነው እናቴ። አይጩሁ፣ ውሃ ይጠጡ፣ እንፋሎት ይታጠኑ» አለቻት። ባሕር ዛፍ ቀቅላ ታጠነች። እንፋሎቱ ሲወርድ ትንሽ ይለቃታል፣ ድስቱ ሲቀዘቅዝ ያው ነው።

ግን አንድ ነገር አለ። ድምፅዋ በመጥፋቱ ትጨነቃለች ሲሏት፣ በውስጧ በኩል አንዲት ቀጭን እፎይታ ነበረች። ድምፅ የሌላትን ሴት ማን ዝፈኚ ይላታል? ማንስ «የውቢት ስንኝ የት ገባ?» ብሎ ይጠይቃታል? ይህችን እፎይታ ስታገኛት ታፍራለች፤ ብድግ ትላለች፤ የተጠረገውን ቤት ደግማ ትጠርጋለች።

አንድ ቀን እሌኒ ሻንጣዋን ከፍታ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። ነጭ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ቅርጹ እንደ ቅል ነው፤ አናቱ ላይ ጠባብ አፍ አለው። ከሥሩ ውሃ ሞላችበት፣ ገመዱን ሰካች። ሰማያዊ መብራት በራ። ከዚያ አፉ ቀስ ብሎ ነጭ ነገር መተንፈስ ጀመረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ዓባይነሽ በሹክሹክታ።

«ማዳሜ ክረምት ክረምት ቤት ውስጥ የምታስቀምጠው ነው። ክረምት አየሩ ይደርቅባቸዋል። ውሃ የምሞላበት እኔ ነበርኩ። ስመጣ ሌላ ገዛችና ይሄን ሰጠችኝ።»

«ክረምት ይደርቃል?»

«እዚያ ይደርቃል እትዬ። ብርድ ስለሆነ ማሞቂያ ይከፍታሉ።»

«ክረምቱ የሚደርቅ አገር ነው የላክሁሽ?» አለች ዓባይነሽና ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እሌኒ ሳቀች። «ይልቅ ይቅረቡ፣ ይተንፍሱት። አያቃጥልም። ቀዝቃዛ ነው።»

ቀረበች። ጉሙ ጉንጯን ነካት። በአፍንጫዋ ሳበችው። የአፏ ጣሪያ፣ የጉሮሮዋ ግድግዳ፣ ደረቷ ድረስ፣ የማለዳ ሣር ላይ የተኛች መሰላት። ልጅ ሳለች ከብር ወንዝ ውሃ ቀድታ ስትመለስ እንዲህ ያለ ጉም ነበር። ያን ጉም የሰው እጅ በሣጥን ከቶ ቡፌ ላይ ያስቀምጠዋል ብሎ ማን ያስባል?

ጎረቤቷ ደስታነሽ በር ላይ ቆማ አጨበጨበች። «እሰይ! ሰው ከአረብ አገር ወርቅ ያመጣል፣ የእኛዋ ደመና ይዛ መጣች!»

በዚያው ቀን ስም ወጣለት፤ ጉሙ ተባለ። «ጉሙን አብሪው፣» «ጉሙ ውሃ ጨርሷል፣» «ጉሙን ዶሮ እንዳይገለብጠው።» መብራት በሚጠፋበት ቀን ዓባይነሽ ትቁነጠነጣለች፤ ማብሪያውን ትጫናለች፣ ትተወዋለች፣ ተመልሳ ትጫናለች። ያን ጊዜ እሌኒ ነጠላ ነክራ ገመድ ላይ ትሰቅልላታለች። ከገና በፊት ሹክሹክታዋ ትንሽ ወፈረ። ሌላ ሴት ብትሆን እዚያው ላይ ትተወው ነበር።

ዓባይነሽ ግን አሰበች። የቧንቧ ውሃ ይህን ካደረገ፣ ጠበል ምን ሊያደርግ ነው? በገና ማግስት ቢጫ ጀሪካኗን አንግታ ከከተማው በታች ወዳለው የሚካኤል ጠበል ወረደች።

«እትዬ፣ ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው የሚፈልገው» አለች እሌኒ።

«ጠበል ውሃ አይደለም?»

«ውሃማ ነው…»

«እንግዲያ።»

ሞላችው። አበራችው። ጉሙ ሲወጣ አማተበች።

ነገሩ የገባት ከሰዓት በኋላ ነው፣ እንጀራ ልትቆርስ እጇን ስትዘረጋ። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው። ይህ ጉም ጠበል ከሆነ ደግሞ፣ እየተነፈሰች በዋለች ቁጥር ጠበል እየጠጣች ውላለች ማለት ነው። ታዲያ በመሃል እንዴት ይበላል? ውጪ በልታ ብትገባስ? በጥጋብ ላይ ጠበል ልትስብ ነው። እጇን ሰበሰበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉሙን ዶሮ ሲጮህ ታበራዋለች፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አጥፍታ መስኮቱን ትከፍትና ማድ ቤት ገብታ እንደ ሌባ ቆማ ሁለት ሦስት ጉርሻ ትውጣለች። ጾሙ ተፈትቶ፣ አገሩ በግ አርዶ እየበላ፣ እሷ ቀጠነች።

ይህ የእሷ ጉዳይ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን የሰርግ ቤት ነው። ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ቤቱ ጠበል ቤት ከሆነ ደግሞ ጠበል ቤት ሥርዓት አለው። ከእሌኒ ሚዜዎች ሁለቱ ልብስ ሊለኩ መጥተው ምክንያቱን ሳይናገሩ በር ላይ ቀሩ፤ የቀሩት ሴቶችም አልጠየቋቸውም፤ ልብሱ ወደ ውጪ ወጣላቸው። ከዚያ እንዳለው የሚባለው የደስታነሽ ባል ለዳሱ የተዋሰውን አግዳሚ ተሸክሞ በማለዳ መጣ።

«ግባ እንጂ፣ ከጓዳው ጥግ አድርገው» አለችው አንዷ።

እንዳለው ደፉ ላይ ቆመ። ጉሙን አየ። ሚስቱን አየ። መሬት አየ። «እዚሁ ላስቀምጠው።»

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። ቁርስ በልቻለሁ።»

«ደስታነሽ ከእኛ ጋር ነች፣ ማን አበላህ?»

ባልና ሚስት አብረው ባደሩ ማግስት ጠበል ቦታ እንደማይረገጥ የማያውቅ አልነበረም። ደስታነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «አቤት ይሄ ጉም! የሰው ገመና አወጣ!» አሉ ሴቶቹ። ከዚያን ቀን ወዲያ ባለትዳር ሁሉ የዓባይነሽን ቤት በሩቁ እየዞረ ያልፍ ጀመር። ዓባይነሽም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የተነቃነቀው።

ወሬው የነፍስ አባቷ ቄስ ገብረ ሕይወት ዘንድ ደረሰ። ጥምቀት ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው መቋሚያቸውን ይዘው መጡና በር ላይ ቆሙ።

«ዓባይነሽ፣ ቤትሽ ውስጥ ምን አለ ነው የሚሉኝ?»

«ጠበል ነው አባቴ።»

«ቤት ውስጥ?»

«በኤሌክትሪክ ነው አባቴ።»

ቄሱ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ። ጉሙ በበሩ ወጥቶ ጺማቸውን ነካ አደረገው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «እኔ እኮ ከተዝካር ነው የመጣሁት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በይ አጥፊውና ልግባ።»

ጠፋ። ገቡ። ቡፌው ላይ፣ ሬዲዮኑ ላይ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ላይ ዱቄት የመሰለ ነጭ ነገር ተኝቷል።

«ይሄስ?»

«በረከት ነው ብዬ አልነካሁትም።»

ቄሱ በጣታቸው ጠረግ አደረጉና አዩት። «ዓባይነሽ፣ ይሄ ከማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነው። ውሃው ድንጋይ አለበት። ሚካኤልን ኖራ ቀባሽው እኮ!»

እሌኒ ወደ ጓዳ ዞራ ሳቋን ዋጠች። ዓባይነሽ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አውልቃ በጫፉ የመልአኩን ክንፍ ትጠርግ ጀመር፣ ከዚያ ሰይፉን፣ ከዚያ ፊቱን።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ቄሱ። «ጠበሉን በጠዋት፣ በባዶ ሆድሽ ጠጪው። ለዚህ ዕቃ የቧንቧ ውሃ ስጪው። ቤት ሰው የሚኖርበት ነው። ይበላበታል፣ ይኮራረፍበታል፣ ይታረቅበታል። ሰውን ከቤትሽ አታባርሪ። አሁን ቁጭ ብለሽ ብይ።»

«እሺ አባቴ።»

ጀሪካኑ ወደ ማድ ቤት ሄደ። እሌኒ ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ አጥልላ ሞላችው። ማዕድ ቀረበ። ዓባይነሽ ቆረሰች፣ አጠቀሰች፣ ከአፏ ስታደርሰው መለሰችው። ተነሣች። ጌሾውን ልታይ ወጣች።

«ምነው?» አሏት ቄሱ ከኋላዋ። «ጉሮሮሽ ነው?»

«ጉሮሮዬ አይደለም» አለች።

የከተራ ዕለት ጠዋት ነው ነገሩ የሆነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ዳስ የሚያቆመው ያቆማል፣ ሽንኩርት የሚልጠው ይልጣል። ዓባይነሽ ምንጣፍ ላይ ያሰጣችው ብቅል አለ። የእንዳለው አውራ ዶሮ ከነሚስቶቹ መጥቶ መሃሉ ላይ ቆመ።

«እሽሽሽ! ውጣ! ውጣ አንተ!»

ድምፁ አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ዶሮዎቹ በረሩ። ሽንኩርት ላጮቹ ቢላዋቸውን አነሡ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጮኸ፤ እልልታው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። ደስታነሽ ተንደርድራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። «መጣ! በእናቴ ድምፅዋ መጣ! እሌኒ፣ ነይ ስሚ፣ ሁለቱ ተመለሱልሽ!»

ዓባይነሽ እጇ ከአየር ላይ እንደተሰቀለ ቆመች። ሁለቱ? በሰዉ ሁሉ መሃል፣ በፀሐይ፣ ድምፅዋ ተመልሷል። ከእንግዲህ የምትሸሸግበት የላትም።

ጥምቀት መጣ፣ አለፈ። ታቦቱ ሲገባ እሷ ከኋላ እየሄደች ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ሰው ጸሎት መሰለው። የውቢትን ስንኝ ነበር የምትፈልገው። ሌሊት ጉሙ ሥር ተኝታ ትፈልገዋለች። ጠዋት ከብቅሉ መሃል ትፈልገዋለች። ጅጋ ድረስ ሄዳ ድሮ ይቀበሏቸው የነበሩ ሴቶችን ጠየቀች። «እኛማ አጨበጨብን እንጂ» አሏት። አንዷ «‘ቶ’ ብሎ ቤት የሚመታ ነው» አለች፤ ሌላዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ሦስተኛዋ አለቀሰች። ባዶ እጇን ተመለሰች። ልጅ ሆና፣ ሁለቱ ሲዘፍኑ ከዳሱ ጥግ ጨርቅ ተነጥፎላት ትተኛ የነበረችው እሌኒ ብቻ ነች የቀረችው፤ ግን እሌኒን መጠየቅ ማለት፣ የእናትሽን አደራ ግማሽ አድርጌ ይዤዋለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ሠራችው። ግጥም ማውጣት ለእሷ አዲስ አይደለም። ለሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው እሌኒን ብቻዋን አገኘቻት። ሙሽራዋ እግሯን ሂና ተቀብታ፣ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉሙ መሃላቸው ይተነፍሳል።

«አንድ ነገር ላሰማሽ» አለች ዓባይነሽ። አልተቀመጠችም።

«ብር ሸለቆ ላይ፣ ጉሙ ተኝቶ፤
ፀሐይ ስትወጣ፣ ሄደ ተነሥቶ።
እናት ደጃፍ ላይ፣ ቆማ ስታይሽ፤
ዞረሽ አትዪ፣ እንባ እንዳይዝሽ።»

ድምፅዋ ድሮ እንደነበረው አልነበረም፤ ትንሽ የሻከረ ነገር ነበረበት። ግን ሙሉ ነበር። እሌኒ የእግሯን ጣቶች እያየች ቆየች።

«ያምራል እትዬ።»

«ያምራል?»

«በጣም። የእማዬ ግን አይደለም።»

ዓባይነሽ ዝርግፍ አድርጋ ነገረቻት። እንዳላዳመጠቻት፣ እንዳልያዘችው፣ ድምፅዋ ሲጠፋ እንኳ ደስ ብሏት እንደነበር። ስትናገር ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች። «አንቺ ታስታውሺው እንደሆን ብዬ…» አለች በመጨረሻ።

«እኔም አላውቀውም» አለች እሌኒ። «ድምፅዋን ነው የማውቀው። እዚያ ማዳሜ ቤት፣ ይሄን ዕቃ እየሞላሁ፣ ስንት ጊዜ ሞከርኩት መሰለዎ። የእርስዎ ይመጣልኛል። የእሷ ቦታ ሲደርስ ዝም ይላል።»

ጉሙ ብቻ ነበር የሚሰማው፤ ውሃው ከውስጡ ቁርቅ ይላል።

«እትዬ» አለች እሌኒ፣ «ቦታዋን ማንም አይውሰድባት። ይተዉላት።»

«እንዴት ነው የምተውላት? ሰው ምን ይላል?»

«ያለውን ይበል።»

ዓባይነሽ ያን ሌሊትም፣ የነጋውንም ቀን አልተቀመጠችም። ዘፈን አውጪ ስንኝ መሃል ላይ ብትቆም ጠፋባት ነው የሚባለው። በየሰርጉ ስንት ሰው እንዲህ ሲሳቅበት አይታለች። ራሷም ስቃለች።

እሑድ ታደለ ከሽንዲ በአበባ ያጌጠ ሚኒባስ ይዞ መጣ። የሚዜዎቹ አለቃ ምሥጋና፣ ከባሕር ዳር የመጣ ወጣት፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ከዳሱ ምሰሶ ጋር አስሯል። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ወደ ዓባይነሽ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አይጨነቁ። ድምፅ ካስቸገረዎ ሲዲ አለ። የሰርግ ነው፣ ሙሉ ነው።»

«ሙሉ ነው?» አለች።

«ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ!»

«እንግዲያው ሽንዲ ስትደርሱ ክፈተው» አለች። ከበሮውን ከሚስማሩ አወረደች።

እሌኒ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ፊቷ በስስ መሸፈኛ ተጋርዶ፣ ደፉ ላይ ቆመች። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ከበሮው ተመታ።

«ብር ሸለቆ ላይ፣ ጉሙ ተኝቶ፤»

ቆመች። ከበሮው አልቆመም። ውቢት ትመልስበት የነበረውን ጊዜ ሙሉውን እጇ መታው፤ አፏ ግን ዝግ ነበር። አንዲት ወጣት ጠፍቷት ነው ብላ እልል ልትል አፏን ከፈተች። ደስታነሽ ክንዷን ያዘቻት።

«እናት ደጃፍ ላይ፣ ቆማ ስታይሽ፤»

አሁንም ከበሮው ብቻ። በዚህኛው ጊዜ ከቡሬ በኩል የመጡት አሮጊቶች ማጨብጨባቸውን አቆሙ። አንዷ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ከዚያ ሌላዋ። ወንዶቹ ሳይቀሩ ባርኔጣቸውን አወረዱ። የሚስቅ አልነበረም።

«ሂጂ ልጄ ሆይ፣ መንገዱ ቀና፤»

በሦስተኛው ባዶ ቦታ ግቢው ሁሉ ዝም ብሎ አንዲት ቀጭን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመ። ከመሸፈኛው ሥር የሙሽራዋ ከንፈር ይንቀሳቀስ ነበር የሚሉ አሉ። ዓባይነሽ ግን አላየሁም ትላለች። ዓይኗን ጨፍና ነበር።

እሌኒ ጎንበስ ብላ የዓባይነሽን ጉልበት ሳመች። «ጉሙ የእርስዎ ነው» አለች ጆሮዋ ላይ። «ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩለት።» ሚኒባሱ ወጣ። አቧራው ከአስፋልቱ ዳር ተነሣ፣ ቆየ፣ ወረደ።

ሰዉ ወደ ዳሱ ተመለሰ። ዓባይነሽ ብቻዋን ቤት ገባች። የእሌኒ ጫማ ሳጥን ተከፍቶ አልጋው ላይ ቀርቷል። ከበሮውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ከምሰሶው አጠገብ ጥቂት ቆመች። ጉሙ ውሃ ጨርሶ ነበርና ሞላችው፤ አበራችው። ነጩ ነገር ከአፉ ተነሥቶ በጓዳው መጋረጃ በኩል ተሳበ።

ደስታነሽ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች። በአንድ እጇ ትሪ፣ በሌላው የእጅ ማስታጠቢያ ይዛለች። ትሪው ላይ እንጀራ፣ ቀይ ወጥ፣ አንድ እንቁላል። ጉሙን ስታይ ደፉ ላይ ቀጥ አለች።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ የቧንቧ ነው?»

«የቧንቧ ነው።»

«በሚካኤል?»

«በሚካኤል። ነይ ግቢ፣ እንዳለውንም ጥሪው።»

ደስታነሽ እየሳቀች ትሪውን አስቀመጠች። ዓባይነሽ እጇን ታጠበች። ወንበር ሳበች። እግሯን አንድ በአንድ ከጫማዋ አወጣች። ተቀመጠች፤ ቆርሳ፣ አጥቅሳ፣ በላች።